የሚካኤል መንገድ ሰሌዳ

ጥቅ. 24፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡00

ቆርቆሮውን ሁለተኛ ዙር ነጭ ቀባሁት። ሱቄ በር ላይ ዘንበል ብሎ እየደረቀ ነው። የመርሳ ከተማ ባጃጆች አቧራ እንዳያለብሱት ዱዓ እያደረግኩ ነው። ትልቅ ሥራ ነው ደብተሬ፤ ቁመቴን ይበልጣል። ያዘዘኝ ከግራና ከተማ በላይ ያለችው መንደር የሚካኤል ቤ/ክ ኮሚቴ ነው። ለኅዳር ሚካኤል እንግዳው ብዙ ነው፤ ግማሹ ግን መንገድ ስቶ ሌላ መንደር ይገባል። ስለዚህ መገንጠያው ላይ የመንደሩ ካርታ ይቁም ተባለ፤ ዋርካው፣ ምንጩ፣ መስጊዱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ቤ/ክኑ። አንድ ፀጉር ቤት ላይ የሣልኩትን አይተው ነው የመረጡኝ። ሙስሊም መሆኔን ማንም አላነሳም። እኔው አነሳሁት፤ ሳቁብኝ።

ማክሰኞ ሄጄ አያለሁ። የተወለድኩት እዚያ አካባቢ ነው፤ ከዚህና አጎቴ ከነገረኝ የሟች አባቴ ስም ሌላ የማውቀው የለም። እናቴ ስለዚያ አገር አታወራም። ሥራውን አልነገርኳትም።

ጥቅ. 26፣ ማክሰኞ

እግሬ አለቀ። ደስ ብሎኛል። ያዞሩኝ አባ ወልዴ ናቸው፤ የደብሩ አሮጌ ቄስ። በዱላ እየሄዱ ይቀድሙኛል። እኔ ወረቀት ላይ እየሞነጫጨርኩ ከኋላ። ምንጩ ጋ ጭቅጭቅ ተነሳ። ላይ ሰፈሮች በአንድ ስም ይጠሩታል፣ ታች ሰፈሮች በሌላ። ሁለቱንም እጽፋለሁ አልኩ፤ ሁለቱም ወገን አኮረፉ። አኩርፈውም ውሃ አጠጡኝ። የወፍጮው ባለቤት ወፍጮው ከቤ/ክኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሣልልኝ ብሎ ለመነኝ። አባ ሰምተው፣ ሚካኤልን ራሱን ጠይቀህ ተመለስ አሉት።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ሦስት ሰው ያስቀምጣል። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሙሽራ አጃቢ እዚህ ሳያርፍ አያልፍም አሉኝ። ስሙን ጠየቅኩ። የሙሄ ማረፊያ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሙሄ ማን ነው አልኩ። ግንበኛ ነበር አሉ፤ የቤ/ክኑን ቅጥር የገነባ። ድንጋይ ከወንዝ በአህያ ሲያመላልስ እዚህ ቁጭ ብሎ ያንጎራጉር ነበር፤ ሰው ድምፁን ለመስማት ከእርሻው ይመጣል። ቅጥሩን በጨረሰ በዓመቱ ወባ ወሰደው። ሚስቱ ሕፃኗን አዝላ መርሳ ወንድሟ ዘንድ ገባች።

«አባ፣ ሙሄ አባቴ ነው» አልኳቸው።

ለኮሚቴው የሰጠሁት የአጎቴን ስም ነበር። ት/ቤት ያስገባኝ እሱ ስለሆነ በሱ ስም ነው የምጠራው። አባ ዱላቸውን ተደግፈው ፊቴን አዩት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ፣ «ተቀመጭ፤ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ድንጋዩ በፀሐይ ሞቋል።

ጥቅ. 30፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሁሉም ተሣለ። ድንጋዩ ብቻ ቀረ። እንዴት ብዬ? እናቴ በሕይወቴ ሙሉ ስሙን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ብነግራት ቁስሏን መነካካት። ሳልነግራት አደባባይ ላይ ብጽፈውስ? አራት ቀን ሙሉ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። ስለ ሽንኩርት አወራታለሁ።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ነገርኳት! ዱቄት እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠች። ፈራሁ። ሳቀች ደብተሬ፣ እንደ ልጃገረድ። ምሳውን ይዛለት የምትሄደው እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር። ሳይጋቡም፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ድምፁን ሰምታ የቆመችው እዚያው። እንስራው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ረስታዋለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት።

«እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ» አለች። «ለብቻ ሲጠሩት ይከብዳል።»

ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ድንጋዩን ቡናማ እንዳላደርገው አስጠነቀቀችኝ። ጥቁር ነው፣ ጥቁር። አየሁት እኮ እማ!

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሰሌዳው መገንጠያው ላይ ቆመ፣ «የሙሄ ማረፊያ» ተጽፎበት። አልሀምዱሊላህ። እናቴም መጣች። ጉልበቷን ስለሚያማት ኮሚቴዎቹ በቅሎ ላኩላት፤ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ እንደ ሙሽራ ወጣች። የወፍጮው ባለቤት ወፍጮውን ፈልጎ አገኘ። ትንሽ ነው። በጣቱ ለካው። ከዚያ ሄዶ ሚስቱን ጠርቶ አመጣ። አንድ ሽማግሌ የመስጊዱ በር በሌላ በኩል ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። እዚያው ቆሜ አስተካከልኩ።

ከዚያ ዳገቱን ወጣን፤ እማ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድሮ አብራት ውሃ የምትቀዳው እት ፋጡማ በሰው መሃል ጥሳ መጣች። ተያዩ። ተቃቀፉ፤ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። የሙሄን እንጉርጉሮ በይልን አሏት። እምቢ አለች። ከዚያ ጀመረች። ቀጭን ድምፅ፣ መሃሉ ላይ ተሰበረ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። ግን አባ ወልዴ ያውቁት ኖሯል፤ ካቆመችበት ተቀበሏት። ከዚያ እት ፋጡማ። ከዚያ ዳገቱ ሁሉ። አባቴን ሰማሁት፣ በሃምሳ ሰው ድምፅ።

ስንመለስ እማ በቅሎው ላይ አልወጣም አለች። ፋጡማ ቤት ታድራለች። ብቻዬን ወረድኩ፤ እያፏጨሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30

እማ ደወለች። ልብሷን፣ የጉልበቷን መድኃኒት፣ የዓይን መነጽሯን ላኪልኝ አለች። ማሽላው ተቆርጦ እስኪገባ አትመጣም። የእት ፋጡማን ሳቅ ከኋላ እሰማለሁ። አንቺስ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ። ሁለት የሱቅ ማስታወቂያና አንድ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ቁጥር አለብኝ። ይደርሳሉ።

በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ እስከ ማክሰኞ ዝግ ነው። አይ፣ እስከ ሐሙስ። ሰርዤ ጻፍኩት። ብሩሾቼን ጠቀለልኩ። ባጃጁ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ነይ ደብተሬ፣ አንቺንም እማ ዘንድ ይዤሽ ልውጣ።