ቅማል የፈራች ነርስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1980፣ ጎጆ ከተማ

ጨፈለቅኩት! በገዛ ጥፍሬ! ጠዋት ጠዋት ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ «ቅማል በእጃችሁ አትጨፍልቁ፤ ሲፈርጥ የቅማል ትኩሳቱ በጭረት ይገባል» እያልኩ የምለፈልፈው እኔ፣ አንገቴን ሲበላኝ እጄን ሰድጄ ያዝኩትና ቀጭ! ከዚያ በኋላ ነው የነቃሁት። አውራ ጣቴ ደግሞ ጥፍሩ ሥር ተልጧል። በሳሙና አጠብኩት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ እንደገና በሳሙና። ሲያቃጥለኝ ደስ አለኝ።

ሌላ ነርስ ብትሆን ስቃ ታልፈው ነበር። የእኔ አንጀት ግን ቁስለት አለበት፤ ሲብስ ደም ያስቀምጠኛል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ፕሬድኒሶሎን ሲያዝልኝ እንዲህ ብሎኛል፦ «ይኼ ኪኒን ቁስሉን ያበርድልሻል፤ የሰውነትሽን መከላከያ ግን ያደክመዋል። ከተላላፊ በሽታ ራቂ። በድንገት እንዳታቋርጪው ደግሞ፤ እሱም ራሱ ይገድላል።» ራቂ! ነርስ ነኝ እኮ፣ ወዴት ልራቅ? ከአምቦ ወደዚህ ብርድ አገር ሲመድቡኝስ ማን ጠየቀኝ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ፆሙ ተፈታ። አከራዬ ምሳ ጠርተውኝ «ጉንጭሽ ሞላ! ጎጆ ተስማማሽ!» አሉኝ። ኪኒኑ ነው ያሳበጠኝ። ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ነን፦ ኃላፊያችን ኦቦ ለሜሳ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አዴ ቀነኒና እኔ። የትኩሳት ክፍሉን ኦቦ ለሜሳ ይዘዋል። እኔ ለምኜ የመድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ደም ያስቀምጠኛል ብዬ ለወንድ አለቃ? ደግሞስ «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ብለው ለበላይ ቢጽፉብኝ? ስለዚህ በሰው ፊት «የከተማ ልጅ፣ ቅማል ትፈራለች» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ዛሬ ግን ኦቦ ለሜሳ አልቀለዱም። ራሴን አመመኝ ብለው ካፖርታቸውን ተከናንበው በጊዜ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ኦቦ ለሜሳን ወንድሞቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። ይቃጠላሉ፤ ይቀባዥራሉ። ከጣታቸው ደም ወስጄ በማይክሮስኮፑ አየሁት። እንደ ተጠመዘዘ ክር ያለው ተሐዋሲ ይርመሰመሳል። ግርሻ ነው፤ ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ የሚመጣው የቅማል ትኩሳት።

የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ እግሬ አልገባም አለኝ። ይኼ ነገር ከያዘኝ እንደሌላው ሰው አልቋቋመውም፣ እሞታለሁ። ግን ሌላ ማን አለ? አዴ ቀነኒ አዩኝና «ጃባዱ ልጄ» አሉኝ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ጓንት አጠለቅኩ፣ እጅጌዬን በፋሻ አሰርኩ፣ ገባሁ። ራሳቸውን ላጨሁ። አዴ ቀነኒ ልብሳቸውን በርሜል ውስጥ ቀቀሉት። ፔኒሲሊኑን ወጋኋቸው።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው። ይኼ በሽታ መርፌ ሲያገኝ ነው የሚያብደው። አልጋው ከግድግዳው ጋር እስኪጋጭ አንዘፈዘፋቸው። እንዳይወድቁ ከነብርድ ልብሳቸው አቅፌ ያዝኳቸው፤ ጉንጬ ደረታቸው ላይ። ትናንት በበራፉ እንኳ ማለፍ የፈራሁት ሴት! እሳቸው በኦሮምኛ እናታቸውን ይጠራሉ። ከዚያ የደም ግፊታቸው ወረደ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩላቸው። አመሻሽ ላይ ላብ በላብ ሆነው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤቴ ገብቼ ቅማል ፍለጋ የልብሴን ስፌት ስፈትሽ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ትናንት አልጻፍኩም፣ ደክሞኝ ነበር። ኦቦ ለሜሳ ተሽሏቸዋል፤ እሰይ! እኔ ነኝ አሁን።

ራስ ምታት። እንቅልፍ ከማጣት ይሆን?
ወገቤ። እሳቸውን ስይዝ ነው። ይመስለኛል።
ሆዴ። ደም አለው። ይኼ የራሴው ነው ወይስ ሌላ?
ትኩሳት። የለም ይላል ቴርሞሜትሩ።

ቴርሞሜትሩን ግን እንዴት ልመነው? ይኼው ኪኒን ትኩሳት ይደብቃል። ጠዋት ኪኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ አፈጠጥኩበት። ባልውጠውስ? መከላከያዬ ቢመለስ? ኤዲያ! ለሌላው ስመክር አፌ አይዝም፣ ለራሴ ሲሆን ሞኝ ነኝ። ዋጥኩት። ፈርቻለሁ፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ኦቦ ለሜሳ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ገንፎ እየበሉ «ስሚ ሲስተር፣ እንዴት አድርገሽ እንደያዝሽኝ አዴ ቀነኒ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ቅማል ትፈራለች እያልኩ…» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። መሬት መሬቱን እያየሁ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ደሙን፣ ኪኒኑን፣ የጨፈለቅኩትን።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያማ ቁጣ! «ይኼን ይዘሽ ነው እኔን አቅፈሽ የዋልሽው? ምነው አፍ የለሽም?»

«ለበላይ ይጽፉብኛል ብዬ ነው።»

«ያ ዋቅ! አምላኬ! እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ?» አሉ። አዝነው ነበር፤ አሳፈሩኝ።

«ጣትሽን አምጪ» ብለው ወጉኝ። የራሴን ደም ራሴ ባየው ፍርሃቴ የሌለውን ያሳየኛል ብዬ እሳቸው እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ግን መብራት የለንም፤ ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው በመስታወት ከመስኮት ነው። የጎጆ ሐምሌ ደግሞ ይታወቃል፤ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ አልተገለጠም። «ነገ» አሉኝ። ነገን ማን ያደርሰኛል?

እሑድ፣ ሐምሌ 10

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብቅ አለች። ኦቦ ለሜሳ ግድግዳ ተደግፈው መጥተው ዓይናቸውን ሌንሱ ላይ ደቀኑ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ምን አዩ?»

«ዝም በይ፣ ልይበት!»

ከዚያ «የለም። አንድም የለም» አሉ። እኔም አየሁ፤ ንጹሕ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ቆይ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እናየዋለን። በሽታው የሚታይበት ጊዜ ገና ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ቢሆንም ለዛሬ ተነፈስኩ።

ወዲያው ሁለት ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች በበቅሎ መጡ። ጓንቱን ላነሣ ስሄድ ኦቦ ለሜሳ ቀድመውኛል። የተላጨ ራሳቸው ላይ ኮፍያ ደፍተው ያጠልቁታል።

«ወደ መስኮትሽ!» አሉኝ።

«ገና አልዳኑም እኮ! ይመለስብዎታል!»

«ቢመለስብኝ መርፌው ያድነኛል። አንቺን ምን ያድንሻል?»

ሄጄ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ኪኒን እየቆጠርኩ ስሰጥ በግድግዳው በኩል የኦቦ ለሜሳ ሳል ይሰማኛል። አሁን ለራሴም ለእሳቸውም፣ ለሁለት ሰው ነው የምፈራው።