ወደ ኋላ የሚራመደው አስጎብኚ

ጆሊን፣

የዶሮው ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ፤ አሙቀሽ ብይ። ድመቷ በልታለች። ብትጮህብሽ አትመኛት።

ኮሌጁ ጋ ሄጃለሁ። «ከተቀበላችሁኝ ሌላ የትም አልሄድም» ብዬ ፈርሜ ያስገባሁትን ማመልከቻ፣ ግዴታውን ትተው ከሌሎቹ አመልካቾች ጋር በመደበኛው ዙር እንዲያዩልኝ ልነግራቸው ነው። ውሳኔው ሳይወጣ ይቻላል። በስልክም ይሆን ነበር፤ ፊታቸውን ማየት አምሮኝ ነው።

ወደ ኋላ እየተራመደ ግቢውን ያስጎበኘን ልጅ ትዝ ይልሻል? «የት ነው የተማርሽው?» አለኝ። «ቤቴ፣ ብቻዬን» ስለው «ውይ፣ ደስ ስትል!» አለ፣ ቡችላ ያየ ይመስል። የሚሄድበትን እንኳ የማያይ ሰው ለእኔ መንገድ ሊያሳየኝ!

አብረውን የሚጎበኙት ሁሉ ሳቁ። ይሳቁ።

ገና ሳይቀበሉኝ የመኪናው የኋላ መስታወት ላይ የለጠፍሽውን የኮሌጁን ስም በምላጭ ፍቄዋለሁ። መስታወቱ ትንሽ ተጭሯል፤ ለእሱ ይቅርታ። ሥራ ቦታ «ኮሌጅ ገባችልኝ» ብለሽ ለነዛሽው ወሬ ግን መላውን ራስሽ ፈልጊ።

ማመልከቻው ላይ «ወላጅ» በሚለው ቦታ የፈረምሽልኝ አንቺ ነሽ። ታላቅ እህቴ ብቻ እንዳልሆንሽ አላጣሁትም።

ግን አንቺም ሳቅሽ። እዚህ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካልኩለስ እያለቀስኩ ስማር ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ፐርል