ዘምዘምን ከጠያቂ የለየሁበት ሦስት ወር

ውድ እህቴ ሰዐዲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ጻፍሁልሽ። ሳትጨርሺው እንዳትቀድጂው።

ባለቤቴ ዘምዘም ሳንባ ነቀርሳ እንዳለባት የታወቀ ዕለት፣ ነርሷ ሕይወት «መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ጠያቂ ይቅርባቸው» አለችኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን ነው፤ ከሰው አፍ ይልቅ ወረቀት አምናለሁ። የሰጡኝን ወረቀት ሦስቴ አነበብሁት። ሕክምናው ስድስት ወር ይላል። እንግዲያው ስድስት ወር ማንም አይገባም ብዬ ወሰንሁ።

የአፎቻ ማኅበራችሁ ሴቶች፣ በሠርግም በሐዘንም የማትለያዩት ሁሉ፣ ተሰብስባችሁ ስትመጡ ከደጅ መለስኋችሁ። እሷ ከውስጠኛው ክፍል ድምፃችሁን አልሰማችም። ስልኳም በእኔ ኪስ ነበር። አንቺ አራት ጊዜ መጣሽ። በአራተኛው «ባሕሩዲን፣ በሽታው እኛ ነን እንዴ?» ብለሽ የሾርባውን ሳህን መሬት አስቀምጠሽ ሄድሽ። ሾርባውን ሰጠኋት፤ ያንቺ መሆኑን ግን ደበቅኋት። ብነግራት «ጥራልኝ» ትለኝ ነበር።

ዘምዘም ከሳች። በሽታው ነው አልሁ። ከትናንት ወዲያ ክኒኑን መለሰችልኝ።

«አልውጥም። አርባ ዓመት የሰው በሽተኛ ስጠይቅ ኖርሁ፤ እኔን አንድ ሰው አልጠየቀኝም። እነሱ የቀበሩኝን አንተ በክኒን ታስነሳኛለህ?»

ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። ሕይወት ስትሰማኝ ራሷን ያዘች። «አባባ፣ ሁለት ሳምንት አይደል ያልሁዎት? ስድስት ወሩ ለክኒኑ ነው እንጂ ለበሩ ነው እንዴ?» አለችኝ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው እንደሚበረታም አስጠነቀቀችኝ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለዘምዘም ነገርኋት። ይቅርታ መጠየቅ አልለመድሁምና አፌ ላይ ከበደኝ። እሷ ግን ይቅርታዬን አልሰማችውም።

«መጥተዋል?» አለች።

«መጥተዋል።»

«ማን ማን?»

ናዝራ፣ ዋፊቃ፣ ሱመያ እያልሁ ቆጠርሁላት። ያንቺን ስም አራት ጊዜ ጠራሁ። አለቀሰች። ከዚያ «አላህ ይይልህ፣ አንተ ደረቅ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እስካሁን ክኒን አልቀመሰችም። ሰዐዲያን በዓይኔ ሳላይ አላምንህም ትላለች። አልፈርድባትም፤ ሦስት ወር ሙሉ ያታለልኋት እኔ ነኝ። እናንተን መከልከሌ በሽታውን ማባረር መስሎኝ ነበር። ያባረርሁት የምትድንበትን ሰው ነው።

ስለዚህ ነይ፤ ሴቶቹንም ይዘሽ። ሰላም ባትይኝ አልቀየምም፤ አልፈሽኝ ግቢ። ከእኔ እጅ ክኒን አትቀበልም። ካንቺ እጅ ኢንሻአላህ ትውጣለች።

ወንድምሽ ባሕሩዲን