የዘነበች ሚዜ

ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ በቅሎ ስስል ዋልኩ። ሙሽሪት የምትቀመጥባት በቅሎ። ጆሮዋ አልሆን ብሎኝ አትክልት ተራ ድረስ ወረድኩ፣ በቅሎ የለም። አህያ አገኘሁ። ታብሌቴን አውጥቼ የአህያ ጆሮ እያየሁ ስስል ተሸካሚዎቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

አሳታሚዬ ከሪማ ዛሬም ኮሜንት እያነበበች ትናደዳለች። የሥዕላዊ ልብ ወለዳችን ሦስተኛ ክፍል ላይ ሙሽሪት ዘነበችን ቬሎ አልብሼ ስለሳልኳት። ጽሑፉ «ነጭ ቬሎ ለብሳ» ይላል፣ ሳልኩ። እኔ ምን አገባኝ? አንዱ «በ1920 ዓ.ም. ቬሎ? ከየት ተከራየችው?» ብሎ ጻፈ። አራት መቶ ሰው ሳቀ።

«ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ብዬ አስተዋውቄ መሳቂያ ሆንኩ» ትላለች ከሪማ። ደራሲውን አባርራዋለች። ነገ አዲስ ይመጣል አለች። «ዘነበች» በየቅዳሜው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ሲያልቅ መጽሐፍ ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ስሜ ይጻፋል። ሥዕል፦ እየሩስ ተክለሃይማኖት። አሥር ዓመት ለሰው ማስታወቂያ ስስል የጠበቅኩት ይሄን ነው። ስለዚህ ማንም ይምጣ።

ጥቅምት 6

ማንም ይምጣ ብዬ ነበር አይደል?

ሚኪያስ ነው። አዲሱ ደራሲ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለውን ደረጃ ወጥቶ፣ የከሪማን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አልፎ፣ እኛ ክፍል በር ላይ ቆመ። አየኝ። «እየሩስ...» አለ። ከሪማ «ትተዋወቃላችሁ?» አለች። «በሩቅ» አልኩ።

እዚህ ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። ሚኪያስ ሚዜዬ ነበር። የቀድሞ ባሌ የዳንኤል ጓደኛ፣ የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ። እማዬ እጁን ይዛ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ፣ እሷም እህትህ ናት» አለችው። እሺ እማዬ አለ። ጉልበቷን ሳመ። በ2013 አንድ እሁድ ከሰዓት ዳንኤል ሲደበድበኝ ወደ እናቴ አልሄድኩም፣ ትደነግጣለች ብዬ። ስድስት ኪሎ ሚኪያስ ቤት ሮጥኩ። ከፈተልኝ። አስቀመጠኝ። ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ግቢ ወጥቶ ስልክ ደወለ። በመስኮት ሰማሁት። «እዚህ ናት። ና ውሰዳት።»

መጣ። ወሰደኝ። የዚያን ቀን ማታ የግራ ጆሮዬ ታምቡር ተቀደደ።

ዳንኤልን ፈታሁት፣ አለቀ። እሱን እንኳን እየረሳሁት ነው። ይሄኛውን ግን... አቃተኝ።

ጥቅምት 8

ሥራውን ልተው ነበር። ለምን እተዋለሁ? እሱ ይተው።

በግራዬ በኩል ወንበር አድርጌለታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ግማሹ አይሰማኝም። ተመስገን።

ጥቅምት 12

የአራተኛውን ክፍል ጽሑፍ አመጣ። ዘነበች አግብታለች። ባሏን አትወደውም። ማንን ነው የምትወደው? ሚዜዋን። ሚዜውም እሷን።

አምስቴ አነበብኩት። ደሜ ፈላ።

«ሚዜ ወንድሟ ነው» አልኩት። «በዚያ ዘመን ሚዜ ሲሆን ይምላል። እህቱን ወደደ ብለህ ነው የጻፍከው።»

«አንባቢ እንደዚህ ይወዳል። ፍቅር ነው እኮ፣ እየሩስ።»

«ነውር ነው።»

«ዛሬ ሚዜ ማለት ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ነው። ማን ያውቀዋል ያንን ሁሉ?»

አላስቻለኝም። «አንተማ አታውቀውም» አልኩ። ከሪማ ከሁለታችን ይልቅ ኮሜንቱን ነው የፈራችው። «ወላሂ እንደገና አልሰደብም። ሂዱና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሁለታችሁም።»

ጥቅምት 14

እማማ አስካለ ጋ ሄድን። ከጊዮርጊስ በታች፣ የቀበሌ ቤት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ቡልጋ ተወልደው ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ የተዳሩ። ቆሎ አቀረቡልን። በግራዬ ሚኪያስ፣ በቀኜ እሳቸው።

ሚኪያስ ዘነበች ስታገባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው አላቸው። ሳቁ። «ሃያ ሁለት? ቆማ ቀርታ ነበር በላ። እኔ በአሥራ ሦስት ነው የተዳርኩት። እናቴ ደግሞ በአሥር። ይሄንን ጻፍ፣ ፍቅር ፍቅር ከምትል።» ደብተሩ ላይ አጎንብሶ ጻፈ። ደስ አለኝ።

ስለ ሚዜ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሚዜዬ ወልደሥላሴ ነበር። ነፍሱን ይማርና። ባሌ በዱላ መታኝ። በጠዋት ተነሥቼ በእግሬ እሱ ቤት ሄድኩ። ሦስት ሳምንት አስቀመጠኝ። ባሌ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ወልደሥላሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዋስ ካልጠራህ እህቴን አታያትም አለው። ዋስ ጠራ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላነሳብኝም።»

«ቢሰጥዎትስ?» አልኳቸው። «ሚዜዎ ራሱ ለባልዎ ቢሰጥዎት?»

«ማን? ሚዜ?» ያልገባቸው መሰሉ። «እንዲህ ያለማ የለም ልጄ። እንዲህ ያለ ሰው በምን ዓይኑ ሰው ያያል?»

ከዚያ ወደ ሚኪያስ ዞሩ። «አንተስ ሚዜ ሆነህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ሙሽራህ ደህና ናት?»

ቆሎውን አየ። እኔ አጠገቡ ነኝ እኮ። ክንዴ ክንዱን ይነካል። ጎንበስ ብዬ አፉን አየሁት፣ እንዳያመልጠኝ።

«ደህና ናት» አለ።

ጥቅምት 15

ደህና ናት። ደህና ናት። ደህና ናት።

የሚዜውን ፊት ሳልኩ ዛሬ። አፍንጫው የሚኪያስ፣ ቅንድቡ የሚኪያስ፣ ጭንቅላቱ ላይ የተጠመጠመው ሻሽ ብቻ የ1920። ከሪማ አየችውና «ይሄ ደራሲያችንን አይመስልም?» አለች። «አይመስልም» አልኩ።

ጥቅምት 19

የዛሬውን በሥርዓት ልጻፍ።

አዲሱን ጽሑፍ አመጣ። የፍቅሩን ነገር ሰርዞታል። ዘነበች ተደብድባ ወደ ሚዜዋ ቤት ትሸሻለች። ባሏ በበቅሎ ይከተላታል። «ሚዜው ጠመንጃውን አቀባብሎ በሩ ላይ ቆመ። እህቴን የነካ እኔን ነካ አለ።» አንድ ሙሉ ገጽ ሥዕል እንዲሆን አዟል። ከታች ወደ ላይ የሚታይ፣ ግዙፍ፣ ጋቢው በነፋስ የሚውለበለብ።

ጀግና። በኔ እጅ ተስሎ። በራሱ አፍንጫ።

«ይሄንን አልስልም» አልኩ።

«እማማ አስካለ የነገሩን ነው። ወንድሟ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ታሪኩ ልክ ነው።»

«ታሪኩ ልክ ነው። ጸሐፊው ነው ልክ ያልሆነው።»

ከሪማ ከሱቁ ገባች። ነገርኳት። ሠርጉን፣ እሁዱን፣ ውሃውን፣ ስልኩን። እሱ ቆሞ። ስጨርስ «ሰላም ላወርድ ፈልጌ ነው» አለ። «ጓደኛዬ ነበር። በባልና ሚስት መሃል ምን ብዬ ልግባ? ይቆጣል፣ ይበርዳል ብዬ...»

«ሚዜ የተባልከው መሃል እንድትገባ ነው» አልኩት። «ሌላ ሥራ አልነበረህም።»

እንባዬ መጣ፣ ያናድዳል፣ እሱ ፊት አለቀስኩ። ከሪማ ሶፍት ሰጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነው» አለች። ይቺ ሴት አንጀቷ ከምን ተሠራ?

ጥቅምት 21

ከሪማ ደወለች። እስከ ቅዳሜ ሳምንት ክፍል አራት ካልወጣ አንባቢ ይበተናል። ካልሳልኩ ናዝራዊት የምትባል ሠዓሊ ትስላለች፣ ሽፋኑም ላይ የናዝራዊት ስም ይወጣል። «ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም» አለችኝ።

ጠመንጃውን ልሳለው እንዴ? አንድ ገጽ ነው። ስሜ ይወጣል። ማንም አያውቅም...

እኔ አውቃለሁ።

ጥቅምት 22

ለከሪማ መልእክት ጻፍኩላት። «ሥራውን ለናዝራዊት ስጫት።» አልላክሁትም። ጠዋት እልከዋለሁ።

ጥቅምት 23

ጊዮርጊስ ነው ዛሬ። ደረጃው በምዕመን ተሞልቶ በግድ አለፍኩ። መልእክቱን ከምልክላት በአካል ልንገራት ብዬ።

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ተቀምጧል። የሚኪያስ እጅ ጽሕፈት። እሱ የለም።

ጠመንጃው ተሰርዟል። ጋቢው አይውለበለብም። አሁን እንዲህ ይላል፦ ዘነበች ትመጣለች። ሚዜው ይከፍትላታል። መደብ ላይ ያስቀምጣታል። በቅል ውሃ ይሰጣታል። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ አሽከሩን ይጠራል። «ለባሏ ንገር። እዚህ ናት። ና ውሰዳት በለው።» እሷ በመስኮት ትሰማለች።

በመስኮት እንደሰማሁት ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው? ወይስ አሁን ነው የገባው?

የመጨረሻው ሥዕል ባዶ በር ነው። ከሥሩ አንድ መስመር። «ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ሚዜው አልጠየቀም።»

ይቅርታ የሚል ነገር ፈለግኩ። ጀርባውንም ገለበጥኩ። የለም። ቢኖር ኖሮ ቀድጄ እጥለው ነበር።

ብዕሬን አነሳሁ።

ጥቅምት 30

ወጣ። የሚዜውን አፍንጫ አልቀየርኩትም።

ኅዳር 2

ኮሜንቱ ከቬሎው ጊዜ የባሰ ነው። «የባህል ስድብ።» «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሚዜ አልነበረም።» «አያቴን ጠየቅኩ፣ ውሸት ነው አለችኝ።» ስምንት መቶ ሰው። ከሪማ ራሷን ይዛለች።

ልክ ናቸው እኮ። በ1920 አልነበረም። በ2013 ነው የነበረው።

አንዱ «ደራሲው ይሄንን ከየት አመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ከሪማ ስልኩን ለሚኪያስ ሰጠችው። «አንተ መልስ። እኔ ደከመኝ።» አየኝ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፣ አጠፋ። በመጨረሻ ሲልከው አየሁት። «ከራሴ።»

ወደ በቅሎዬ ተመለስኩ። ክፍል አምስት ላይ ዘነበች ብቻዋን ነው የምትሄድባት፣ ጆሮዋ አሁን ደህና መጥቷል። ከሪማ ትከሻዬን ነካችኝ።

«እየጠየቀሽ ነው።»

«ማን?»

«እሱ። ሁለቴ ጠየቀሽ።»

ዞርኩ። ግራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይጠብቃል። ያልመለስኩት ጠልቼው መስሎታል። ጠልቼዋለሁ። ግን አልሰማሁም።

«በዚህ ጆሮ አልሰማም» አልኩት። «ወንበርህን ይዘህ ወዲህ ዙር።»

ጆሮዬን አየ። ገባው። ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። ወንበሩን ተሸክሞ ከኋላዬ ዞረ፣ በቀኜ ተቀመጠ።

«ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም። የሐኪሙን ወረቀት ሳይቀር። እሱ አለቀሰ፣ እኔ አላለቀስኩም። ይቅርም አላልኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

ነገም በቀኜ ይቀመጥ። ስሰድበው የሚመልሰውን ልስማ።