አሜን ያጣው ምርቃት

ልጄ ናዝራዊት፣ የጎልጎታው ጌታ ኦስሎ ድረስ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። ባልሽንና ልጅሽን ማራማዊትን ሳሚልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናንተ ጋ ብርዱ አልለቀቀም አሉ፤ ልጅቷን ደራርበሽ አልብሻት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ቅድስቲቱ ከተማ፣ የኢትዮጵያ ጎዳናው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በሕፃናት ተሞላ። የልጆችና የንባብ በዓል ነበር። ከከተማው ዳር ከቂርያት መናሔም ሳይቀር በአውቶቡስ መጥተዋል። እያንዳንዱ ልጅ አያቱ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደሉን በስንጥር እየጠቆመ ያነባል፤ ሲጨርስ ጉልበት ስሞ ይመረቃል። አንቺም ፊደል የቆጠርሽው እዚያው ጥድ ሥር ነበር። እኔ ብቻዬን መቀመጤን አይታ፣ አያቷ ጎንደር የቀሩባት የጎረቤቴ ልጅ አርሴማ መጥታ አነበበችልኝ።

አቤት አነባበቧ! ጉልበቴን ስትስም አላስቻለኝም፤ ራሷን ይዤ «ማራማዊቴ፣ እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አሜን በይ እንጂ!» ብዬ ተቆጣኋት።

«የእኔ አይደለም እኮ፣ እማማ አዛለች። የማራማዊት ነው» አለችኝ።

አፍሬ በስሟ ደግሜ መረቅኋት። የፊተኛው ምርቃት ግን አሜን የሚለው አጥቶ እንዲሁ ቀረ።

እመ ብርሃን ከክፉ ሁሉ ትሰውራችሁ። ደግሞ ስትደውይ፣ አማርኛ አትችልም እያልሽ ስልኩን አትንፈጊያት። እኔ እመርቃለሁ፣ እሷ አሜን ትበል። አሜን እንደሁ በእናንተም አገር አሜን ነው።

እናትሽ አዛለች