ያስቀረሁት ምርቃት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምታናድጂኝ ልጄ ለሮሃ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ ስንጨቃጨቅ፣ ነገሩ ሲጠብብሽ ወደ እንግሊዝኛ ትዞሪና እኔ መልስ ሳስብ አንቺ ሌላ ወሬ ላይ ትደርሻለሽ። በአማርኛ ግን አታሸንፊኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠርኩሽ ለዚህ ቀን ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ለመሆኑ አንትሮፖሎጂ ምንድን ነው? እናትሽን ብጠይቃት፣ የሰውን አኗኗር ማጥናት ነው ብላ ጠበቃሽ ሆና መለሰችልኝ። ሰው ለማጥናት ቦስተን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል? ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ሰዓት ብትቆሚ የማታገኚው የሰው ዓይነት የለም፤ ያውም በነጻ።

እኛ አገር ልጅ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ከጨረሰ በቀጥታ ሕክምና ይገባል፣ ዶክተር ሆኖ ይወጣል። እዚህ መጀመሪያ አራት ዓመት ሌላ ነገር ተምረው ከዚያ በኋላ ነው ለሕክምና የሚያመለክቱት ብሎ ማን ነገረኝ? ኮሌጅ ስትገቢ፣ ልጄ ሜዲሲን ገባች ብዬ ድግስ ደገስኩ። ኬኩ ላይ «ዶ/ር ሮሃ» ተብሎ ተጽፎ እያየሽ ለምን ዝም አልሽ? ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የዶክተሯ አባት ይለኛል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ሁለቱም አግኝተውኛል።

ማክሰኞ ደውለሽ ሜጀር መምረጫዬ ደረሰ ስትዪኝ፣ ባዮሎጂ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አንትሮፖሎጂ አልሽ። ለሕክምና የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች ጎን ለጎን እንደምትወስጂ፣ ሜጀሩ ምንም ቢሆን እንደማይከለክልሽ አስረዳሽኝ። «ዳድ፣ ኢት ሪሊ ደዝንት ማተር» አልሽ፤ ለውጥ የለውም ማለትሽ ነው። ማተር ካላደረገ ለምን ባዮሎጂ አይሆንም ብዬ ጮህኩብሽ። ያን ጊዜ ድምፅሽ ዝቅ አለና በአማርኛ፣ «አባዬ፣ አንተ ሳትመርቀኝ አልመርጥም» አልሽኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁት። ቦስተን ከሄድሽ ወዲህ ሳልመርቅሽ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። እናትሽም በዚህ ተቀይማ እራቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች እንጂ ስላንቺ ካልጠየቅኳት አታናግረኝም።

ዛሬ ደግሞ ከቅዳሴ ስወጣ ጋሽ አምሳሉ ያዙኝ። ዶክተራችን እንዴት ናት ሲሉኝ የምሸሽበት አጣሁና እውነቱን ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ስጠብቅ ያለፈውን ፍልሰታ አነሱ። የስኳር ክኒናቸው ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው። ስኳራቸው አልወርድ ሲል ሐኪሙ መጠኑን ጨምሮባቸው ነበር። ለእረፍት መጥተሽ ለቀጠሮ ስትወስጃቸው መኪና ውስጥ፣ ጋሼ ቁርስ ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት ብለሽ ጠየቅሻቸው አሉ። በፍልሰታ ምን ቁርስ አለ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ምግብ ከሌለ ብለው የጠዋቱን ክኒን ትተውታል። ሐኪሙ ግን መድኃኒትህን ትወስዳለህ ወይ ባላቸው ቁጥር የስ ይሉታል። በትሕትና የጠየቀን ሰው ኖ ማለት ነውር መስሏቸው። አንቺ አብረሻቸው ገብተሽ ነገሩን ለሐኪሙ ብታስረጂው ከጾማቸው ጋር የሚሄድ አድርጎ አስተካከለላቸው። ይህን ሁሉ እኔ አባትሽ ዛሬ መስማቴ ነው።

«ሐኪሙ ጉበቴንም ኩላሊቴንም ያውቃል» አሉኝ ጋሽ አምሳሉ። «ጾሜን የጠየቀችኝ ግን እሷ ናት። ትምህርቱ ይሄ ከሆነ ምን አስቆጣህ?»

መኪናዬ መንገድ ዘግቷል ብዬ ሄድኩ።

አሁን ፈገግ ብለሻል፤ አውቅሻለሁ። ገና አልተሸነፍኩም። ሜጀርሽን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ስተርክ ልኖር ነው? ደግሞ ያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚሉትን፣ ሰው እያጠናሁ ነው ብለሽ ብትወድቂው፣ እኔ ራሴ ቦስተን እመጣለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ኒው አልባኒ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። በገና ሰሞን ደም ግፊት አለብህ ተብሎ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚውጠው ክኒን ታዘዘለት። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ አቁሞታል። በቀደም ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ራሱን ዞረበትና ወርዶ መሬት ተቀመጠ። ለሚስቱ አልነገራትም። ልጁም ፈተና ላይ ናት፤ እንዳትደነግጥ ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትዪዋለሽ? ስትደውዪ ለእናትሽ አታንሺባት፤ የሰው ምስጢር ነው።

በይ እንግዲህ፣ የመረጥሽውን ይባርክልሽ። ኬሚስትሪውም ይግባሽ። እጅሽ የዳሰሰው ይዳን፣ የጠየቅሽው ሰው እውነቱን ይንገርሽ። የሰው መውደድ ይስጥሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። አሜን በዪ።

አባትሽ
ሀብተማርያም

ስሜን ከጻፍኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያንን ሰውዬ ስትጠይቂው በአማርኛ ይሁን። በእንግሊዝኛ ከጠየቅሽው የስ ነው የሚልሽ።