ከኋላ የሚመጣ አለ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትህ? የጅማ አየርስ ተስማማህ ወይ? ሰዉ፣ ሥራው፣ ዝናቡ እንዴት አድርጎ ተቀበለህ? ደረትህስ? ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ብታልፈው እንኳ የደረትህን ነገር ሳትመልስልኝ እንዳትቀር፤ ለምን እንደማጥብቅ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል። እኔ በአካል ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ጆሮዬን ልጦ ሌላ ጆሮ አብቅሎልኛል። እናቴም ደኅና ናት፤ ባስጻፈች ቁጥር «ያ ወላጅ የሌለው ልጅ እንዴት ነው?» ሳትል አታልፍም።

ባለፈው ደብዳቤዬ ብዙ ጉራ ነዝቼብህ ነበር። ችግኝ ጣቢያ አቋቁማለሁ፣ የተራቆተውን ገደል ሁሉ ጥድ አለብሰዋለሁ፣ የደረቁትን ምንጮች አስመልሳለሁ ብዬ። ዛሬም ቢሆን አላማዬን አልጣልሁም፤ እንዲያውም ችግኙ ከአፈር ብቅ ብሏል፣ ጠዋት ጠዋት እየሄድሁ አየዋለሁ። ነገር ግን አሁን የምጽፍልህ ስለ ችግኝ አይደለም።

ከአንኮበር ተነሥቶ በደኑ ውስጥ ወደ ቆላ የሚወርድ የድሮ የነጋዴ መንገድ አለ። ታውቀው እንደሆነ አልጠይቅህም። ጨው የጫኑ በቅሎዎችና አህዮች ይመላለሱበት በነበረ ጊዜ ዳገቱን በአንድ ቀን መጨረስ ስለማይቻል፣ በየመሐሉ የመንገደኛ ማደሪያ ጎጆዎች ተሠርተውበት ነበር። የመኪናው መንገድ በጣርማ በር በኩል ከተከፈተ ወዲህ ነጋዴው ቀረ፣ ጎጆዎቹም አንድ በአንድ እየወደቁ አለቁ። አሁን ደኑ ተከልሏል፤ በክልሉ ውስጥ እሳት የሚነድበት ቤት እንዳይኖር ታዟል። የቀረው ሰው ያለበት ማደሪያ አንድ ብቻ ነበር። አለቃችን አቶ ኃይለ ገብርኤል ጠርተው፣ «ሁለት ዓመት ለመንናቸው፣ አልወጣ አሉ። ጉልበት አልወድም። አንተ ነገር ታውቃለህ፣ ሂድና አግባባቸው» አሉኝ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ቁም ነገሬ ነው ብዬ ጫማዬን ወልውዬ ተነሣሁ።

የደን ዘበኛው ወርቅአገኘሁ በቅሎ ይዞ መራኝ። ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር እግሬን አየና፣ «ጌታዬ፣ ጫማዎ የከተማ ልጅ ነው፤ ከዚህ ደንጊያ ጋር ማን ያስተዋውቀው?» አለኝ። በመንገድ የመጀመሪያውን ጎጆ አሳየኝ፤ ጣሪያው የለም፣ ምድጃው ላይ ኮሶ በቅሎበታል። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ሦስት ጉልቻ ብቻ አገኘን። «እዚህች ጉልቻ ዳር ለመተኛት ነጋዴዎች በዱላ ይፈነካከቱ ነበር» አለ። ቀጥሎ ስለምንሄድባቸው ሰዎች አወራኝ። «ባልየው እሺ ካለ ቆየ። አስቸጋሪዋ እሷ ናት። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ለትምህርት ከመነኩሴ ጋር ልከውት በዚያው ቀረ። ልጄ ከዚህ በር ሌላ በር አያውቅም፣ መጥቶ ቢያጣኝስ ትላለች። እኔማ ለአለቃ ነግሬያቸዋለሁ፦ ቤት አፍራሽ ከምትልኩ ልጁን የሚያመጣ ላኩ ብያለሁ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዐሥር ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጉም ከቆላ ተነሥቶ ዋጠን። የበቅሎዋን ጆሮ ከተቀመጥሁበት ማየት አቃተኝ። ጎጆው ደጃፍ መድረሳችንን ያወቅሁት በጭሱ ሽታ ነው። የመንግሥት መልክተኛ መሆኔን ረስቼ፣ «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን!» ብዬ ጮኽሁ። ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» አለኝ።

እማማ እናትነሽ ይባላሉ። ባላቸው አባባ የሺጥላ። እርጥብ ካፖርቴን ተቀብለው እሳት ዳር ሰቀሉልኝ፤ አይሆንም ብላቸው እምቢ ብለው እግሬን አጠቡኝ። ጾም ስለሆነ በሶ በጥብጠው፣ ተልባ አቅርበው አበሉን። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም፤ «መቼስ እንግዳ ነህ» አሉ። እኔም ያጠናሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት፦ ደን ዝናብን እንዴት እንደሚጠራ፣ ሥር አፈርን እንዴት እንደሚይዝ። ጨርሰው ሰሙኝና፣ «መልካም ተናገርህ። ልጄ መጥቶ ሲያጣኝ የት እንደሄድሁ ጥዱ ይነግርልኛል?» አሉኝ።

አባባ የሺጥላ ከወርቅአገኘሁ ጋር በቅሎዋን ሊያስገቡ ወጡ። እኔና እማማ ብቻችንን ስንቀር፣ ልቅሶ ቤት እንዳይመስል ብዬ የራሴን ወሬ ጀመርሁ። እኔስ ዕጣዬ ጅማ ነበር፣ አልኋቸው። አንድ ጓደኛዬ የአንኮበር ደን ደርሶት፣ ደረቴ ብርድ አይችልም ብሎ ስለለመነኝ ምድብ ተለዋወጥን። ስለ አንተ ማውራት ስለምወድ አላቆምሁም። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ጎበዝ እንደሆንህ፣ ወላጅ ስለሌለህ በዓል ሲሆን መኝታ ቤት ብቻህን ትቀር እንደነበር፣ እናቴም ከእኔ እኩል ስንቅ ትልክልህ እንደነበር። ከመኝታ ቤት የምንወጣ ለት እንኳ፣ ሁላችን ሻንጣ ስንጎትት እርሱ ባልዲውን ውኃ ሞልቶ በር ሥር ያኖራል ብዬ አሳቅኋቸው። ማለቴ፣ ያሳቅኋቸው መስሎኝ ነበር። እሳቱን በእንጨት ይቆሰቁሱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ወላጅ የለኝም አለ?» አሉኝ።

ሁለቱም በሕፃንነቱ ሞተውበታል አልኋቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ። እንጨቱን ወደ እሳቱ መልሰውም፣ «ደረቱንስ ምን ያደርጉለታል?» አሉኝ። ምንም እንደማያደርጉልህ ነገርኋቸው። ስምህን አልጠየቁኝም። ያን ጊዜ ነገሬ አላልሁትም።

ጠዋት ጉሙ ተገፎ ነበር። ልሰናበት ስነሣ አባባ የሺጥላ አንድ ትልቅ ቅል ሰጡኝና በሩ ሥር የቆመውን ጋን አሳዩኝ። «የቤታችን ወግ ነው፣ ልጄ፤ ያደረ ሁሉ ሳይሞላ አይሄድም። ከኋላ የሚመጣ አለ» አሉኝ።

ወንድሜ፣ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ከአፍህ ሰማኋት? ባልዲውን ስትሞላ «ማን ሊጠጣው ነው?» ብለን ስናሾፍብህ ከዚህች ሌላ መልስ ነበረህ? ምንጩ ዳር በርከክ ብዬ ስቀዳ ቅሉ ሞልቶ እጅጌዬ ውስጥ ሲፈስ አልተሰማኝም። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አባትህን አየሁ፤ በፀሐይ ዓይናቸውን አጥብበው ያንተን ግንባር ይዘው ቆመዋል።

ተመልሼ ጋኑን ስሞላ የእናትህን ፊት ማየት ፈራሁ። አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ወደ ባላቸው ዞረው፣ «የሺጥላ፣ እንሂድ። ይፍረስ» አሉ።

አባትህ ደነገጡ። «ልጁስ?» አሉ።

«ያደገ ልጅ መንገድ አያጣም» አሉ እናትህ።

ከዚያም አፉን በሰም የደፈኑትን ትንሽ ቅል እጄ ላይ አኖሩ። የደኑ ማር ነው፤ ጥቁር አዝሙድ በሌሊት ወቅጠው ጨምረውበታል። «ለዚያ ወላጅ ለሌለው ጓደኛህ ላክለት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ ይቅመስ» አሉኝ። በዓይናቸው አባትህን አየት አደረጉና ራሳቸውን በአሉታ ወዘወዙልኝ። እኔም ቅሉን ካፖርቴ ውስጥ ከተትሁት። አባትህ ያመጣሁትን ትእዛዝ እያወቁ፣ እንግዳ ብቻውን አይሄድም ብለው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። በመንገድ ሁሉ የሚያወሩልኝ ልጃቸው ሲመለስ ምን ያህል እንደሚረዝም ነበር።

ቢሮ ስመለስ አቶ ኃይለ ገብርኤል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። በሁለት ዓመት ያልተቻለውን በአንድ አዳር ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። ምን ብለህ ረታሃቸው ቢሉኝ፣ ስለ ዝናብ ነገርኋቸው አልሁ።

ያለፈው ሳምንት ጣሪያው ወረደ። ወርቅአገኘሁ የቀልድ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ሰላ ድንጋይ፣ የእናትህ ወንድም ቤት ገብተዋል። ሲሄዱ አባትህ መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ደንጊያ ከምረው፣ ላዩ ላይ ረዘም ያለውን ወደ ሰላ ድንጋይ አዙረው አጋደሙት። ልጁ በዚህ ሲያልፍ ይገባዋል አሉ። እናትህ ደንጊያ ሲያቀብሏቸው አየሁ።

መጀመሪያ ክፉ ክፉ ነገር ጽፌልህ ነበር፤ ቀደድሁት። ያን ሁሉ ዓመት በዓል ብቻህን ስትውል ምን ታስብ እንደነበር አላውቅምና አልፈርድብህም። ግን ያ የደንጊያ ክምር የመንገድ ክምር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል። እስከዚያ በተመላለስሁ ቁጥር የጎደለውን እየጨመርሁ አቃናዋለሁ። ለአባትህ ምንም አልነገርሁም፣ አልናገርምም፤ የሚናገር ካለ አንተ ነህ። ማሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልህ የታዘዝሁትን ለመፈጸም ነው። ስትቀምሰው ለማን ደረት እንደተወቀጠ ላንተ መንገር አይገባኝም።

ጋኑ ግን እዚያው ነው። ሠራተኞቹ ሊያወጡት ሲሉ ከለከልሁ። የዚያን ጠዋት እናትህ ጓዛቸው ተጭኖ፣ ጣሪያውን የሚያወርዱት ሰዎች ደጅ ቆመው እየጠበቁ፣ ምንጭ ወርደው ሞልተውት ነው የሄዱት። ጣሪያ በሌለው ግድግዳ መካከል እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል።

እናትህ ሲያሰናብቱኝ እንዲህ ብለው መርቀውኛል፦ በመሸብህ ሁሉ የሚከፈትልህ ደጅ አያሳጣህ። ምርቃቱ የኔ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለባለቤቱ አስተላልፌዋለሁ። አሜን በል።

ምድብህን የወሰደው ወንድምህ